የእናቴ ሽሮ አይደፋም

ዓርብ፣ መጋቢት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ መቐለ

አማቴ አደይ ለተብርሃን ዛሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት በሉ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝን ሽሮ ነበር የሠራሁት። ጨው አብሮት መፈጨቱን ረስቼ ሌላ ጨመርኩበት። ሁዳዴ ስለሆነ ቅዳሴ ሳይወጣ እኔም ባሌ ሓጎስም አንቀምስም። ግን ጠረጠርኩና ጎረቤቴን ዘይነባን ጠራኋት፤ ሙስሊም ናት፣ አትጾምም። አንዴ ቀምሳ፣ «አበባዬ፣ ይሄስ አይበላም» አለችኝ።

ሓጎስ ደፍተነው ከምግብ ቤት እናምጣ አለ። የእናቴ ሽሮ አይደፋም አልኩት። ጨው የሌለበት የገበያ ሽሮ በጥብጬ ጨመርኩ፣ ሽንኩርት ደገምኩ፣ ሞልቶ ሊፈስ ሲል ወደ ትልቁ ድስት ገለበጥኩት። ዘይነባ ለሦስተኛ ጊዜ ስትቀምስ «አሁን ሆነ» አለች።

አማቴ እየበሉ፣ «ጨዉ ልክ ነው። ሳትቀምሺ እንዴት መጠንሽው?» አሉኝ። ሓጎስ በእግሩ ነካ አደረገኝ። እኔ ግን ዘይነባ እንደቀመሰችልኝ ነገርኳቸው።

«በእኛ ቤት የጾም ወጥ አይቀመስም፤ እጅ ነው የሚመጥነው።»

«በእኔ ቤት ይቀመሳል፣ አደይ።»

የቀረውን በልተው ጨረሱ። ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉና፣ «ባለፈው ዓርብ የእኔ ምስር ጨው በዝቶበት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ያን ቀን እሳቸው ቤት ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ ይጣፍጣል ብያቸው ነበር።

«አዎ፣ በዝቶበት ነበር» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ለሚመጣው ዓርብ ይጠሩኝ እንደሆነ እናያለን።