ጠማማው ድልድይ

ሰኞ

ቅዳሜ ይፈርሳል። ደብዳቤውን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከኤረር በር ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ሰው ሁሉ ጠማማው የሚለው። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ መሠረቱ ጭቃ ላይ ስላረፈ ለመኪና አያስተማምንም። ማን ቆፍሮ አየው? መዝገብ ቤት ገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት ፈለግኩ። ሁለት ገጽ ብቻ። የሠራው ሰው፦ ያልታወቀ።

መሐንዲስ ተብዬ ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን አለቃዬን ተከራክሬ አላውቅም። ዛሬ ግን አቶ ጌቱ ቢሮ ገብቼ "ይቆይ" አልኳቸው። አልተቆጡም። "መሠረቱ አለት ላይ መሆኑን አሳዪኝ፤ ራሴ አስቆመዋለሁ። እስከ ዓርብ ነው ታዲያ" አሉኝ።

አራት ቀን።

ማክሰኞ

ከሁለት ሠራተኞች ጋር በወዲያኛው ዳር፣ ድልድዩ ካረፈበት ግንብ ሥር ቆፈርን። አንድ ሜትር፣ ጭቃ። ሁለት ሜትር፣ ጭቃ። ከዚያ ውኃ ፈለቀ። አቶ ጌቱ መጥተው አዩና ጫማቸውን ጠርገው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቃ ስንሰበስብ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ኢብሳ፣ እጁን እየጠረገ "የዚህ ድልድይ ግንበኛ ልጅ እኮ በሕይወት አሉ" አለኝ። ጀጎል ውስጥ፣ የአክስቱ ጎረቤት ናቸው። ስማቸው ዘይነብ ነው፤ ሰፈሩ "አይ ዘይነብ" ይላቸዋል፣ እናታችን እንደማለት።

ይህን ጠዋት ቢነግረኝ ምን ነበረበት።

ረቡዕ

አይ ዘይነብ ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን አይረሱም። "ማን ልኮሽ ነው?" አሉኝ። "ማንም አልላከኝም፤ ድልድዩ ሊፈርስ ነው" ስላቸው ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

የነገሩኝን ሳልረሳው ልጻፍ። ከዚህ ድልድይ በፊት ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም ጎርፍ ወስዷቸዋል፤ ሁለተኛውን ከነነጋዴው ከነበቅሎው። አባታቸው አው ዩሱፍ፣ አባታችን ዩሱፍ እንደማለት፣ ያን ቀን ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ሥራው ሲሰጣቸው ታዲያ አለት ሳላገኝ አንድ ድንጋይ አላስቀምጥም አሉ። በዚህኛው ዳር ቶሎ ተገኘ። በወዲያኛው ግን በቀጥታው መስመር ቢቆፍሩ፣ ቢቆፍሩ፣ ጭቃ ብቻ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀባቸው። በመጨረሻ ቀጥታውን ትተው በወንዙ ወደ ላይኛው በኩል ሸሹ። እዚያ አገኙት።

"አባቴ ቀጥ አድርጎ መሥራት አቅቶት አይደለም የጠመመው፣ ልጄ። አለቱን ተከትሎ ነው።"

ትናንት የቆፈርኩበትን ግንብ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱ የአባቴ ሥራ አይደለም። መንገዱ ሲሰፋ በኋላ የተጨመረ ነው። የድልድዩ እግር ከእሱ ወደ ላይ፣ አፈር ውስጥ ነው።"

ለካ አው ዩሱፍ በተሳቀባቸው ቦታ ነው የቆፈርኩት።

ሐሙስ

አይ ዘይነብ በባጃጅ መጡ። መውረጃው ገደል ስለሆነ ኢብሳ ደግፎ አወረዳቸው። በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው "እዚህ። ለአባቴ ምሳ ይዤ ስመጣ እዚህ ነበር የምቀመጠው" አሉ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፈርን። አፈር፣ አፈር፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ እንደገና አፈር። ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ የኢብሳ ድጅኖ ጮኸ። እንደገና መታው፣ እንደገና ጮኸ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ በእጄ ጠረግኩት። አለት ነው። የመጀመሪያው የድንጋይ ረድፍ እንዳይንሸራተት አለቱ እንደ ደረጃ ተፈልፍሏል።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አይ ዘይነብ ከላይ ሆነው፣ ቀስ ብለው። እኔ አለቀስኩ። ጭቃው ፊቴን ስለሸፈነው ማንም ያየኝ አይመስለኝም።

ዓርብ

አቶ ጌቱ ከነጫማቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ድጅኖውን ተቀብለው ሦስት ቦታ መቱ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና "ማፍረሻው መኪና አይምጣ" አሉ።

ግን በዚህ አላበቁም፤ ደግሞም ልክ ናቸው። አሸዋ የጫነ መኪና ድልድዩ መሀል ቆሞ፣ ድልድዩ ዝቅ ማለት አለማለቱ እንዲለካ አዘዙ። መኪናው ገብቶ መሀል ላይ ቆመ። መለኪያውን ሦስቴ አነበብኩት። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። "ድልድዩ ይጠገናል፣ አይፈርስም" የሚለውን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ፣ የፈረሙት እሳቸው።

ከቢሮ ሲወጡ "ከዚህ በኋላ ቶሎ ተናገሪ" አሉኝ።

ቅዳሜ

ድልድዩ ቆሟል። ቁርሴን ሁለቴ በላሁ።

ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ እንዲተከል ተፈቅዷል፤ ጽሑፉ የእኔ ሥራ ሆነ። ረቂቁን ለአይ ዘይነብ አነበብኩላቸው። "አባቴን ብቻ አትጻፊ" አሉ። የድልድዩ ቅስት እስኪደርቅ የደገፈውን እንጨት የሠራው ከሸዋ በር በኩል የመጣ ወልዴ የሚባል ክርስቲያን አናጢ ነበር። ኖራ የተሸከሙ አምስት ሴቶችም ነበሩ። የአራቱን ስም ቆጠሩልኝ፤ አምስተኛዋ ጠፋችባቸው። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ከመጀመሪያዋ ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። "ሌሎችም ብዬ ልጻፍ?" አልኳቸው። "ሌሎችም ስም ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ።

የሰሌዳውን ልክ ለቀራጩ ሰጥቼ ቤቴ ስገባ ስልኬ ጠራ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ሙሉካ" አሉ አይ ዘይነብ፣ ዘጉት።

ሰሌዳው ላይ ቦታ የለም። ለቀራጩ ደውዬ ለአምስተኛዋ ሴት አንድ መስመር ጨምር፣ ሰሌዳውን አስፋው አልኩት።