ስለ ሁለት ማርሚታ እና ስለ አንድ የታሸገ በር

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ድምፅ መቆጣጠሪያ ቢሮ ኃላፊ
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ባልደረቦችና በተለይም የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ይህን የሐምሌ ሙቀት በሙሉ ጤንነት እንድታሳልፉት ያለኝን ጽኑ ምኞት እገልጻለሁ። ስለ እኔ ለመጠየቅ ጊዜ ቢያገኙ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን የጎዳሁት በሃምሳ አራት ዓመቴ ከመሬት አራት ጣት ብቻ ከፍ ያለች መኪና ባለቤት በመሆኔ ነው፤ ከእሷ ለመውጣት በመጀመሪያ ግራ እጄን አስፋልቱ ላይ አሳርፋለሁ፣ ቀጥሎም የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አልፎ እስኪሄድ እጠብቃለሁ።

አሸናፊ ወልደየሱስ እባላለሁ። አባቴ የምድር ባቡሩን ባለ ናፍጣ ሞተር ሊቶሪና ይነዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚሁ ከተማ ሃያ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። የምጽፍልዎ ከአርባ ቀን በፊት ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር የሚገኘውን የመኪና ጭስ ማውጫ ማርሚታ ሠሪውን የከማሉዲንን ጋራዥ ስላሸጉልን ለማመስገንና፣ ምስጋናዬ ከበቃዎ በኋላ፣ እንዲከፍቱት ለመለመን ነው። በሩ ሲታሸግ መኪናዬ ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ቀኝ ማርሚታዋ ተበይዷል፣ ግራው ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ እሷም በክሪክ እንደተነሳች ቀርታለች። ለእሷ ግድ የለም፣ ከመቼውም የበለጠ ከፍ ብላ ያለችው አሁን ነው። ከማሉዲን ግን ባለቤቱን ሙሚናንና ሁለት ልጆቹን የሚያስተዳድርበት ሌላ በር የለውም። ጠዋት ጠዋት የታሸገው በር ፊት በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያም የሚበየድ የግቢ በር ካለ ብሎ እስከ ሃያብለ ሰፈር በእግሩ ይሄዳል።

ጉዳዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የእሽጉ ምክንያት «ከመጠን ያለፈ ድምፅ» ይላል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ የላኳቸው ባልደረቦችም መለኪያ ሳይዙ፣ ፈጣሪ በሰጣቸው ጆሮ ብቻ፣ ወደ ወደብ የሚወርዱ የኮንቴይነር መኪኖች በሚያልፉበት ሰዓት አዳምጠው ወስነዋል። በዚያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ የነበረችው መኪና የእኔ ብቻ ስትሆን፣ ሞተሯም አልተነሳም ነበር። ሳይሰማ ከመጠን ያለፈ ድምፅ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ለሳይንስ ላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለዚህች መኪና በቦታው መገኘት ተጠያቂው ከማሉዲን ሳይሆን እኔ ነኝ። እሱ የሌላውን ሰው ማርሚታ በሁለት ቀን ይጨርሳል፤ የእኔን ግን እኔው አምስት ወር አስፈጀሁት። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ለሦስት ሦስቱ አንዳንድ ቧንቧ ይድረሳቸው ብዬ ወሰንኩ፤ እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ሰው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቧንቧዎች መሐል ላይ ይገናኙ ወይስ እስከ መጨረሻው ተለያይተው ይሂዱ፣ ስፋታቸው ስንት ይሁን፣ አፋቸው ክብ ይሁን ወይስ ሞላላ የሚለውን በደብተር ማስፈር ጀመርኩ። አሥራ አራት አማራጮች ደረሱ። ባለቤቴ እልፍነሽ ደብተሩን አይታ የቀለበታችንን ወርቅ በአንድ ከሰዓት መርጬ እንደነበር አስታወሰችኝ፤ እኔም ቀለበቱ መሬት እንደማይነካ ለማስረዳት ሞከርኩ።

መሬት ስለመንካት ካነሳን፣ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቴ ያሉትን አሥራ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች በማስመሪያ ለክቻለሁ። ሰባተኛው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ሙኒራ የተባለች ተማሪዬ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ «ሙሴ አሸናፊ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ብላ በቅንነት ጠየቀችኝ፤ አእምሮዬ ነው ብዬ ብመልስላት እውነቱን በነገርኳት ነበር። ከማሉዲን ቧንቧውን ከስር ጠፍጠፍ በማድረግ የጉብታውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈታው። እኔ ግን ሁለቱ ቧንቧዎች እስከ ሚሊሜትር ድረስ እኩል ርዝመት ይኑራቸው አልኩ። እንደ ድሬ ልጅነቱ ሹምንም አስተማሪንም «አንተ» ነውና የሚለው፣ «አቦ አሸናፊ፣ የነዳጅ ታንከሩ በግራ ነው ያለው፤ ቧንቧው ይዞረዋል እንጂ ይቅርታ ጠይቆ በመሐሉ አያልፍም» አለኝ። ግራውን ሦስት ጊዜ አስቆረጥኩት።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ጎረቤቴ ጀላሉዲን የትራንዚት ሠራተኛ ሲሆን፣ ባለ ሁለት ማርሚታ መኪናውን ይዞ ዘወትር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ በመስኮቴ ስር ያልፋል። አንድ ቀን በሸሚዝና በሽርጥ ወርጄ ልቆጣው ሄድኩ። እሱም ሳይከራከር በሩን ከፍቶ አስቀመጠኝና ሞተሩን አስነሳ። ክቡር ሆይ፣ ያ ሞተር በዝግታ ሲሠራ ከወንበሩ ስር የተሰማኝ ድምፅ፣ ሊቶሪናዋ ጣቢያ ላይ ቆማ፣ አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ና ውጣ ብሎ ሲጠራኝ የነበረው ነው። የቤንዚን ሞተር እንደ ናፍጣ ሞተር እንደማይሰማ አሳምሬ አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። አምስት ወር የፈጀብኝ ይህንኑ ላለመቀበል ነው። ቁጣዬን ረስቼ ማርሚታ ሠሪው ለእኔም ይሠራልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ከሁለት ወር በኋላም ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ መኮንን ይህችን መኪና ገዛሁ።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። መዝገብዎን ቢያገላብጡ፣ ከዓመት በፊት የተላኩ ሦስት የአቤቱታ ደብዳቤዎች ያገኛሉ። ስለ ከሰዓት እንቅልፍ ክብር፣ ስለ ማርሚታ ሠሪዎች ኃላፊነት የጎደለው ተግባር፣ እነዚህን ጋራዦች በአስቸኳይ ስለመዝጋት በጥሩ ፈረንሳይኛ ያትታሉ። ከሦስተኛው ጋር የጋራዡ ቦታ ባለ ሰሜን ጠቋሚና ባለ ልኬት ካርታ ሆኖ ተያይዟል። የሦስቱም ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከጀላሉዲን መኪና ከወረድኩ በኋላ አቤቱታዎቼን ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም፣ ምክንያቱም ቢሮዎ ለዜጋ ደብዳቤ መልስ ሲሰጥ አይቼ ስለማላውቅ ፍጹም ተማምኜብዎ ነበር። ይህን ያህል አሳዝነውኝ አያውቁም።

ባልደረቦችዎ የመጡት ካርታዬን ይዘው ነው። እኔ በመኪናዋ ስር ተኝቼ ግራውን ቧንቧ ለአራተኛ ጊዜ እየለካሁ ነበር። ከማሉዲን ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ የገዛ ጋራዡ መዝጊያ መሆኑን እያወቀ፣ «ይሄን የሣለው ሰው የተማረ ነው አቦ፤ የቦዩን መታጠፊያ እንኳ አልሳተም» ሲል አደነቀ። በጉልበቴ ምክንያት ቀስ ብዬ ወጣሁና የእጅ ጽሑፌን አየሁት። አንድ የመብራት ምሰሶ ዘልዬ እንደነበር እንኳ አስተዋልኩ። እነሆ አርባ ቀን፣ በበርጩማው አጠገብ ቆሜ ከእሱ ጋር መንግሥትን ሳማ ሰነበትኩ።

አራተኛ፦ አቤቱታዬን ለማንሳት ወደ መዝገብ ቤትዎ ሄጄ ነበር። ወይዘሮ ጀዋሪያ እጅግ በትሕትና አስተናገዱኝ። አቤቱታ የሚነሳው ድምፁ መስተካከሉ በባለሙያ ሲደመጥ ነው፤ ለመደመጥ መኪናዋ መቅረብ አለባት፤ መኪናዋ የታሸገው ጋራዥ ውስጥ ናት፤ እሽጉ ደግሞ የሚፈታው አቤቱታው ሲነሳ ነው። ይህን ያህል ቀዳዳ የሌለው ሥራ ከከማሉዲን ብየዳ በቀር አላየሁም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በሩን እንዲከፍቱ እለምናለሁ። ቅጣት የግድ ካስፈለገ መኪናዬን ይውሰዱ፤ ቀኝ ማርሚታዋ ይበቃል፣ ለጎደለው ግራ የእኔ አምስት ወር ይታሰብልዎ። ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎች በፈረንሳይኛ ጽፌያቸው ነበር፤ ከማሉዲን ፈረንሳይኛ አያነብም። ይህኛውን ለቢሮዎ ከፈረንሳይኛ ትርጉሙ ጋር ልኬ፣ አማርኛውን በአደባባይ ያወጣሁት እሱ አማርኛ አንባቢ ስለሆነ ነው። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ዋናው አንባቢ ነገ ጠዋት በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። እኔም ከአጠገቡ እቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ወትሮው «አንተ» ካለኝ ምሕረት እንዳገኘሁ እቆጥረዋለሁ።

ለቢሮዎ ንቃት፣ ለጆሮዎ ጤንነትና ለከሰዓት እንቅልፍዎ ጣፋጭነት ዘወትር የምጸልይ፣ የካርታ ሥራው የሠመረለት ታዛዥ ዜጋዎ፣

አሸናፊ ወልደየሱስ
የፊዚክስ መምህር፣ የአንድ ማርሚታ ባለቤት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባልደረቦችዎን ያመጣው የቢሮዎ ነጭ ፒክ አፕ በደረሰ ጊዜ ማርሚታው ተገንጥሎ በሽቦ ታስሮ ስለነበር፣ መምጣቱን ከሦስት መንገድ በፊት ነበር የሰማነው። የእሽጉ ትእዛዝ ከተነበበ በኋላ ከማሉዲን ሩብ ሰዓት እንዲታገሡት ጠየቀ፤ ዕቃውን ሊሰበስብ መስሎን ነበር። እሱ ግን በፒክ አፕዎ ስር ገብቶ ማርሚታውን በየደው፤ ከዚያም መበየጃውን አጥፍቶ ቁልፉን አስረከበ። በእነዚህ አርባ ቀናት መኪናዎ ውስጥ ጸጥታ ሰፍኖ ከሆነ፣ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ብየዳው ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚወስዱት ግን እኔ አላውቅም፣ ካርታም አልሥልልዎም።