አርብ የዋለው መስቀል

ሰኞ፣ መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምቦ

የመስቀል ግብዣዬ አበቃለት። አማቴ አዴ ብርቄ ጴንጤ በመሆኔ በዘጠኝ ዓመት ትዳሬ ከእጄ ጎርሰው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ከጊንጪ መጥተው አብረውን ሊበሉ እሺ ብለው ነበር። ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። የጣሊያን ላዛኛ፣ የህንድ ዶሮ፣ የቱርክ ጥብስ፣ ያላሰብኩት አገር የለም። ልጄ ቦንቱ ዝርዝሩን በየአገሩ ባንዲራ ቀለም ጻፈችው።

ዛሬ በስልክ ለአያቷ አነበበችላቸው። አዴ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "መስቀል እኮ ዘንድሮ አርብ ነው የሚውለው" አሉ፤ ቀስ ብለው።

አርብ! እኛ ቤት ረቡዕና አርብ አይጾምም። አሥራ ሰባትን ቆጠርኩ እንጂ ምን ቀን እንደሚውል መች አየሁ? ጾማቸውን የናቅኩባቸው ነው የሚመስላቸው።

ስልኩን ከልጅቷ ነጥቄ፣ "አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁሉንም የጾም አደርገዋለሁ፣ ድስቱንም አዲስ እገዛለሁ" አልኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አትልፊ ልጄ፣ እኔ ቤቴ ቀምሼ ነው የምመጣው።"

ዘጠኙንም ዓመት ያሉኝ ይህንኑ ነው።