ስድስተኛው ጠርሙስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን

ለልጄ እናት፣

«ደህና ነሽ ወይ?» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትይ ስለማውቅ ተውኩት። ደህንነትሽን ከልጃችን እሰማለሁ። ጉልበትሽን እንደሚያምሽ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላ እንደምታጥቢ፣ የክፍልሽ መስኮት አልዘጋ ብሎ እንዳስቸገረሽ ሁሉ ነግራኛለች። ስለ እኔ ምን እንደምትነግርሽ አላውቅም፤ ጥሩ ነገር ካወራችልሽ ግን አትመኛት። እኔ ያው ነኝ። ሻይ ጥጄ እረሳለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ላቦራቶሪ እገባለሁ።

ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሳንጻጻፍ ቆይተን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት፣ ለሆስፒታላችን የላክሽው ማመልከቻ እኔ ጠረጴዛ ላይ ስላረፈ ነው። እዚያ ባለሽበት በሙያሽ ለመቀጠር የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቀሻል። የጻፍሽው ለአስተዳደሩ ነው፤ አስተዳደሩ ደግሞ «የክፍሉ ኃላፊ አስተያየት ይስጥበት» ብሎ ወደ እኔ መራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን የሠራንበትን ክፍል «የተጠቀሰው ክፍል» ብለሽዋል። አንብቤ ተናደድኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ ታዲያ ምን ብላ ትጥራው አልኩ።

አስተያየቴን ከመንገሬ በፊት የሆነውን ላጫውትሽ። መሃል ላይ ቀደሽ ብትጥይው አልፈርድብሽም፤ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቢው ደስ ይለኛል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከበሽተኛ የሚወሰደው ናሙና ሁሉ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላክ ነበር። ውሃውን በስድስት ጠርሙስ አልኮል አውጥቶ ናሙናውን ሰም የሚያጠጣው ማሽን በጨርቅ ተሸፍኖ ቆመ፤ እኔም መዝገብ ስጽፍና የመጣውን ስላይድ ስደረድር ከረምኩ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በአንቺ ቦታ አንዲት ባለሙያ ተዛውራ መጣች። የሦስት ልጆች እናት ናት። የተባለችውን ሁሉ «ለምን?» ስለምትል «ወይዘሮ ለምን» ብለን ሰይመናታል። ማሽኑን አስነስታ ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ያ የምታውቂው ጣጣ ተመልሶ መጣ። ናሙናው የተቀበረበት የሰም ብሎክ ቢላው ላይ ይፈረፈራል። ጠርዙ ደህና ነው፤ መሃሉን በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ስስ ቁራጩ ውሃው ላይ ሲዘረጋ መሃሉ ቀዳዳ ብቻ ነው።

እኔም የድሮውን ንግግሬን አወጣሁት። እጅሽ ነው፣ ትቸኩያለሽ፣ አልኮሉን በወቅቱ አልቀየርሽም። አንቺ እንዲህ ስልሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ወደ ሥራሽ ትመለሺ ነበር። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሳችልኝ።

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ይቁረጡትና እኔ ልማር» አለች።

ተቀመጥኩ። ቢላውን ቀየርኩ። ብሎኩን በረዶ ላይ አቆየሁት። የቢላውን ማዘንበያ አንድ ነጥብ ከፍ፣ ሁለት ነጥብ ዝቅ አደረግሁ። የውሃውን ሙቀት ለካሁ፣ ደህና ነው። ሰሙን በሙሉ ደፍቼ በአዲስ ተካሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ስል ዋልኩ፤ ብሎኩ በእኔም እጅ ተፈረፈረ። ወይዘሮ ለምን አንድም ጊዜ አልሳቀችብኝም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከመሳቢያ ሥር ያገኘችውን ደብተር ይዛ መጣች። ያንቺን ሰማያዊ ደብተር።

«ጋሼ፣ እዚህ የነበረችው ሴት ለምንድን ነው የተባረረችው?»

«ሥራ አበላሽታ ነው።»

«እዚህ ጋ እኮ ጽፋዋለች» አለችና ገጹን ገልጣ ሰጠችኝ።

«የብሎኩ መሃል ለስላሳ ነው። አልኮሉ ውሃ ይዟል ብዬ እገምታለሁ። ስድስተኛው ጠርሙስ በዛይሊን ይፈተሽ ብዬ ጠየቅሁ። አልፈቀደም።» ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ፣ «እንደገና ጠየቅሁ። አልፈቀደም።» ማን እንዳልፈቀደ አልጻፍሽም። ያኔ ዛይሊን የሚባለው ማጽጃ ፈሳሽ በሊትር ተሰፍሮ ነበር የሚሰጠን፤ «አታባክኚ» ብዬሽ ነበር። ለፈተናው የሚበቃው ደግሞ አንድ ማንኪያ ነው።

አንቺ ፊት አስተማሪ መሆኔ አይደለም፤ ያደረግነውን ልንገርሽ ብዬ ነው። በትንሽ ብርጭቆ ዛይሊን ቀዳን፤ ከስድስተኛው ጠርሙስ ጥቂት አልኮል ጠብ አደረግንበት። አልኮሉ ውሃ ባይኖርበት ጥርት ብሎ ይቀር ነበር። እንደ ወተት ነጣ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ስድስተኛው ናሙናው ወደ ሰሙ ከመግባቱ በፊት በአልኮል ለመጨረሻ ጊዜ የሚታጠብበት ነው፤ ከሁሉም ንጹህ መሆን ያለበት እሱ ነው። ደግሞም የሞላነው ትናንት ነበር። መጀመሪያ ነጋዴውን ጠረጠርኩ፣ ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልን ብዬ። ካልተከፈተው በርሜል ቀድተን ፈተሽን፤ ጥርት አለ። ነጋዴውን በከንቱ አማሁት።

«ታዲያ ለምንድን ነው በአንድ ቀን የሚረጥበው?» አለች ወይዘሮ ለምን። «ውሃ የያዘው ናሙና መጀመሪያ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው እንዴ?»

ባትሪ ይዤ ከማሽኑ ኋላ መሬት ላይ ተኛሁ። ወገቤ ሲንቋቋ ብትሰሚ ልብሽ ይራራ ነበር። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩ። ማሽኑ የሚስበው ከግራ ጀምሮ ነው። ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ስድስተኛ ያልነው ለካ መጀመሪያ የሚሳበው ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

ግድግዳው የተቀባ ሰሞን ማሽኑን ስበን አውጥተን ነበር። «መካኒኩን እንጥራው» ስትይኝ «ምን ሊሠራ?» ብዬ ብቻዬን መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከኋላ ቆሜ ነው ቁጥሩን የለጠፍኩት፤ ቀኜ ከፊት ላለ ሰው ግራ መሆኑን አላሰብኩም። አንቺ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ በቁጥሩ መሠረት፣ አንድ ቀን ሳታዛንፊ አልኮሉን ቀየርሽ። በትክክል በሠራሽ ቁጥር ሥራው ይበላሽ ነበር።

ሹፌሩን አልረሳሽውም። ከአንገቱ የወጣችው ዕጢ ባቄላ ታክላለች፤ ሙሉዋን አውጥተዋት ሌላ የሚቆረጥ አልቀረም። መሃሏ እንደለሰለሰ አይተሽ ለብቻዋ አስቀመጥሻት። «ሰሙን አቅልጠን ከአልኮሉ እንደገና እንጀምር፤ አሁን ከተቆረጠች አትተርፍም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ብሎኩን ከእጅሽ ወስጄ «ቁጭ በይና ተመልከቺ» አልኩሽ። ተመለከትሽ። የመቁረጫውን መዘውር አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ አንድ ደህና ቁራጭ ሳላወጣ ጨረስኳት።

ሐኪሙ «ለመወሰን አያስችልም» ብሎ ጻፈ። ሰውየውም ምንም የለብኝም ብሎ መሪውን ይዞ ሄደ። ሌላ እብጠት ይዞ ሲመለስ በሽታው ደረቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ «ባሌን የበላሽው አንቺ ነሽ!» ብላ ስትጮህብሽ አንገትሽን ደፍተሽ ቆምሽ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። የበሩን እጀታ ይዤው ነበር፤ አልከፈትኩትም። በሳምንቱ «ባለሙያዋ በአያያዝ ጉድለት ናሙናውን አበላሽታለች» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩና ፈረምኩ።

ያን ቀን ከማሽኑ ኋላ እንደተነሳሁ፣ ልብሴን እንኳ ሳላራግፍ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ቱቦው ነገርኩት። ስለ መዘውሩ ግን አልነገርኩትም።

«አሁን ተስተካክሏል?» አለኝ።

«ተስተካክሏል።»

«እንግዲያውስ ምን ቀረን? ጋሼ፣ ጡረታ ሊወጡ ስንት ወር ቀረዎት?»

«አራት።»

«ይህን በጽሑፍ ካመጡት የስድስት ሳምንት ውጤት ሁሉ እንደገና ይታይ ይባላል። የሹፌሩ ቤተሰብ ይከሰናል። ባለቤትዎ የጠየቀችው ማስረጃ አይደል? ጥሩ አድርገን እንጻፍላት።» ወዲያው አስጻፈልኝ። «በሥራዋ የተመሰገነች፣ በራሷ ፈቃድ የለቀቀች» ይላል። ማኅተሙም ደማቅ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እሷም ሥራዋን ታገኛለች፣ እኔም በሰላም እወጣለሁ፣ ማን ተጎዳ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ዘጠኝ ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ። በአሥረኛው ቀን ልጃችን ኮቴን ልታጥብ ስትል አገኘችው። ቆማ አነበበችው።

«እማዬ በራሷ ፈቃድ ነው እንዴ የሄደችው?» አለችኝ።

ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ኮቱን ይዛ ወጣች። እስካሁን ከ«በላህ?» እና ከ«ደህና ዋል» በቀር አላናገረችኝም።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ጻፍኩት። ቁጥሩን፣ ቱቦውን፣ ያልተፈቀደውን ፈተና፣ ሹፌሩን፣ ብሎኩን ማን እንደቆረጠው። የድሮው ሪፖርቴ ሐሰት ስለሆነ ይሰረዝልኝ ብዬ ፈረምኩ። ዳይሬክተሩ ጋ ብወስደው «ያስቡበት» እንደሚለኝ ስላወቅኩ በቀጥታ መዝገብ ቤት አስገባሁት። ጸሐፊዋ ሳታነበው ማኅተም መታችበት፤ ቁጥሩ 318 ነው። አንድ ቅጂ ለሹፌሩ ሚስት በእጄ እወስዳለሁ። በሩን ከከፈተችልኝ እነግራታለሁ፤ ካልከፈተችልኝም ከበሩ ሥር አስገባዋለሁ።

ለአንቺ ሁለቱንም ልኬልሻለሁ፤ ማኅተም ያለበትን የዳይሬክተሩን ውሸትና የእኔን እውነት። ሥራ የሚያስገኝልሽ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የትኛውን እንደምታሳዪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ተመለሺ አልልሽም፣ ለዚያም አፍ የለኝም። አፍሬያለሁ። ይቅርታ ማለት አሁን ለእኔ እንጂ ለአንቺ ምን ይፈይዳል እያልኩ ነው እንጂ፣ በየመስመሩ ብጽፈው አይበቃኝም።

አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም። በሪፖርቴ ተከሰሽ በቀረብሽበት ኮሚቴ ፊት ሰብሳቢው «ሌላ የምትጨምሪው አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀሽ። አንድ ቃል ብትናገሪ ነጻ ትወጪ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ዝም ብለሽ ወደ እኔ ዞርሽ። ያኔ ጥፋተኛ ስለሆነች ነው የምትለማመጠኝ አልኩ። ለካ እኔ እስክናገር እየጠበቅሽኝ ነበር። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

እጅሽ ይባረክ፤ ጉልበትሽንም ይማርልሽ። መስኮቱን የሚዘጋልሽ ደግ ሰው አያሳጣሽ።

የልጅሽ አባት
የላቦራቶሪው ክፍል ኃላፊ
(ፊርማ)