አስር ሆነን የቀረንበት ጨዋታ

ውድ ባለቤቴ ተሼ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለቅሶ እየቀደመኝ ነው። አሁን ረጋ ብያለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሳሮን ኬፕታውን ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። እኔም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አዎ፣ እኔ! ስንት ዓመት ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ «ቀስ በል» እያልኩ የኖርኩት ሴት ዛሬ በጆሃንስበርግ መንገድ ከሚኒባስ ታክሲዎች ጋር እጋፋለሁ። ጋራዡ ግን መኪና አያስገባም፤ በሄልሜትና በትከሻ መከላከያ ተሞልቷል። ሽታውን አትጠይቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ኮሌጁ፣ አንተ ኃላፊው የነበርክበት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከሠራተኛው መካከል ሌላ ኃላፊ ካላገኘ ይፈርሳል አለ። አሰልጣኙ ቩሲ እኔ የምሠራበት የኮሌጁ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ፣ «ሲስተር፣ ፊርማሽን ብቻ ነው የምንፈልገው» አለኝ። ፈረምኩ። በሳምንቱ ፎጣ አጣቢም፣ ሾፌርም፣ ቁስል አሳሪም ሆኜ አረፍኩት።

ጨዋታውን እንደማልወድ ታውቃለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀፕ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ፣ ወርደን ሽሮና በርበሬ ስንገዛ ሰዓትህን እያየህ ስታጣድፈኝ እናደድ ነበር። «በእጅ ይዘው የሚሮጡት ኳስ ምኑ ነው እግር ኳስ?» እልህ ነበር። አንተ የሂሳብ መምህሩ ደግሞ ማንኪያና ሹካ ጠረጴዛው ላይ ደርድረህ ልታስረዳኝ ትሞክራለህ፤ እኔ ሹካዬን አንስቼ እበላለሁ። አሁን ገብቶኛል፤ በአራት ሙከራ አስር ያርድ ወደፊት መሄድ ነው። ያን ያህልም ከባድ አልነበረም፣ ተሼ።

ዘንድሮ የተመዘገቡት አስራ አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፍን፤ አንዱን እንኳ ስንት ለዜሮ እንደሆነ አልነግርህም። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተከታታይ ሦስት አሸነፍን። የመጨረሻውን ካሸነፍን ግማሽ ፍጻሜ እንገባለን። አንተ በነበርክባቸው ዓመታት ሁሉ አንዴም አልገባንም።

በዚያ ቀን የመጡት አስራ ሁለት ነበሩ። አንዱ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ወጣ። በሊጋችን ደንብ ደግሞ ከአስራ አንድ በታች ሆኖ መጫወት አይቻልም። በሁለት ነጥብ እየተመራን፣ አራት ደቂቃ ሲቀር፣ ኳሱ በእኛ እጅ እያለ ሲዝዌ ተመታ። ሲዝዌን ታስታውሰዋለህ፤ አልጀብራ ሁለት ጊዜ የጣልከው፣ «ፕሮፍ» እያለ የሚጠራህ፣ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ። ጭንቅላቱ በደረቀው ሣር ላይ ሲያርፍ ድምፁ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማ።

ራሱ ተነስቶ መጣ። «ደህና ነኝ፣ ማማ» አለኝ። ዓይኑን አየሁ፤ የቆምንበትን ሜዳ ስም ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ። ልለቀው ስል ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ፕሮፍ የት ሄዱ? አሁን እዚህ አልነበሩም?» አለኝ።

ተሼ፣ ሬሳ ሳጥንህን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ቩሲ ከኋላዬ፣ «ሲስተር፣ አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ራሱ ደህና ነኝ እያለ ነው» አለ። አንተም በመጨረሻው ማታ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «ጨጓራዬ ነው፣ ደህና ነኝ» ብለኸኝ ነበር። ነርስ ሆኜ አመንኩህ። ሄልሜቱን ከሲዝዌ እጅ ወስጄ፣ «አይገባም» አልኩ። ዳኛው ቆጠረን፤ አስር ነበርን። ፊሽካውን ነፋ፤ አለቀ።

አንዱ ጓንቱን አውልቆ እግሬ ስር ወረወረው። ሲዝዌን በመኪናህ ሆስፒታል ወሰድኩት። ምርመራው ተደርጎ ሐኪሙ «ተመልሶ አለመግባቱ በጀው» አለኝ። አሁን ድኖ ትምህርቱን ቀጥሏል። ኳሱን ግን ለጊዜው ከልክዬዋለሁ።

ለሁለት ሳምንት ቡድኑ ጠፋብኝ። ዕቃውን ለኮሌጁ ልመልስ ሳስብ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም በሩ ላይ ቆሙ። ሲዝዌ ከፊት ነበር። ቩሲ መሬት መሬት እያየ፣ «ሄልሜቶቹን ልናጥብ ነው የመጣነው» አለ። የውኃ ጎማውን ሰጠኋቸውና እኔም ሳሙና ያዝኩ።

እያጠቡ መዝፈን ጀመሩ። ጆሮዬን አላመንኩም፤ በሀዲይኛ ነበር! ያ የሆሳዕና ከተማ የልጅነትህ መዝሙር። ለካ ተሸንፋችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር ሚኒባሱ ውስጥ ታስዘምራቸው ነበር። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልነገርከኝም። ቃሉን እንዴት አድርገው እንደሚሰባብሩት ብትሰማ! ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሦስተኛውን አስቀደሙት። ላርማቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያ የእነሱ ስህተት አይደለም፤ አንተ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ ቆመህ ስትሳሳት የኖርከው ነው። እጄ በሳሙና እንደተለወሰ አብሬያቸው ዘመርኩ፤ እኔም ሦስተኛውን አስቀድሜ።

በሚቀጥለው ዓመትም ከእነሱ ጋር ነኝ። አዲስ ልጆች ሲመጡ መዝሙሩን እናስተምራቸዋለን። ቃል የምገባልህ ይህን ነው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም አያቃናውም።

ያንተዋ፣
አስቴር