ፊውዝ የሌለው መብራት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ታምራት የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሻን ዛሬ በሰው ፊት አዋረደኝ። ባለፈው ሳምንት፣ ከታቦር ተራራ ስወርድ መኪኖች ከኋላ አያዩኝም ብዬ፣ ለባጃጄ ተጨማሪ ብልጭልጭ መብራት ላስገባ ፒያሳ እሱ ጋ ሄጄ ነበር። «አባባ፣ ከባትሪው በቀጥታ አይያያዝም፣ መሀል ላይ ፊውዝ ያስፈልገዋል» አለኝ። እኔን ሊያስተምር። ጥዬው ወጣሁና ቤቴ ራሴ የመብራቱን ገመድ በተሳፋሪው ወንበር ስር አሳልፌ ከባትሪው ጋር አሰርኩት። በራ።

ዛሬ ባህል አዳራሽ ጋ ሁለት ሴቶች ጭኜ ስሄድ ከተቀመጡበት ወንበር ስር ጭስ ወጣ። ገመዱን የወንበሩ ብረት ልጦት ኖሯል። ሴቶቹ ዘለው ወረዱ። እኔ ገመዱን በእጄ መንጭቄ ነቀልኩት፣ መዳፌ ተላጠ። ያ ሰውዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ነግሬዎት ነበር እኮ አባባ» አለ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አልኩት።

«ጭሱ» አለኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

መዳፌስ ይድናል። የወንበሩ ልብስ ግን ሟቿ ባለቤቴ በእጇ የሰፋችው ነበር፣ ግማሹ ተቃጠለ። ፊውዝ ቢኖር ፊውዙ ብቻ ተቃጥሎ ይቀር ነበር። ይህን ለዚያ ሰው አልነግረውም።

ነገ ፊውዝ እገዛለሁ። ከእሱ ሱቅ ግን አይደለም።