ስለ ክብሬ ተብሎ የተቆረጠው የድልድዩ ትዕይንት

ለፊልም ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 11

ጉዳዩ፦ የአሽከርካሪውን ክብር ይነካል ተብሎ ከፊልሙ የተቆረጠው አራት ደቂቃ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

አመልካች የአገር አቋራጭ አውቶቡስ አሽከርካሪ ስሆን፣ ክብሩ ተነካ የተባለው ሰው እኔው ነኝ። ለፊልሙ አዘጋጅ በጻፉላት ደብዳቤ ላይ ስለ እኔ መጨነቅዎን አንብቤ ደስ ብሎኛል። መሪ ከጨበጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ስለ ክብሬ የተጨነቀ መሥሪያ ቤት አላጋጠመኝም። ሆኖም አቤቱታ አለኝ።

1. ፊልሙ አንድ የሀብታም ልጅ በአውቶቡስ አገር ሲያቋርጥ የድሆችን በደል አይቶ ልቡ የሚለወጥበት ታሪክ ነው። አዘጋጇ እውነት እንዲመስል ብላ አውቶቡሴን ከነመደበኛ ተሳፋሪዎቹ ተከራየች። ተዋናዩ ከፊት፣ ከእህል ነጋዴዎቹ ጎን ተቀመጠ። በጽሑፉ መሠረት ልቡ የሚለወጠው በማግስቱ ገበያ ላይ ስለነበር፣ ዕንባውም የተያዘለት ለማግስቱ ነበር።

2. በመስመራችን ላይ አንድ ያረጀ ድልድይ አለ። አውቶቡሱ ቀለል እንዲል ከኋላ የተቀመጡት ወርደው፣ ዕቃቸውን ተሸክመው በእግር ይሻገራሉ፤ ከፊት ያሉት እንደተቀመጡ ያልፋሉ። ማን እንደደነገገው አላውቅም። ስቀጠር የነበረ ነው፤ እኔም አጥብቄ ሳስከብር ኖሬያለሁ። ነጋዴዎቹን በዓይንዎ ቢያዩአቸው ኖሮ፣ ከኋላ የሚወርዱት ሦስት ሴቶች ተደምረው አንዱን ነጋዴ እንደማያህሉ ይመሰክሩልኝ ነበር።

3. የዚያን ቀንም እንደ ልማዴ «የኋላዎች ውረዱ» አልኩ። ሸክላ የሚሸጡ አንዲት እናት ማሰሮዎቻቸውን አዝለው ሲወርዱ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ድልድዩ ላይ የምንከብደው እኛ ብቻ ነን?» አሉኝ። «እማማ፣ ሥርዓት ነው፤ በር አይዝጉብኝ» አልኳቸው። የድምፅ ባለሙያው ጠዋት ኮሌታዬ ላይ የሰካውን ማይክራፎን ማጥፋት ረስቶ ኖሮ ሁሉም ተቀዳ። የካሜራ ባለሙያውም የኋላ ተሳፋሪ ነበርና ከነካሜራው አውርጄዋለሁ።

4. ከወር በኋላ አዘጋጇ የተቀረጸውን አሳየችኝ። ግማሹ ባዶ የሆነ አውቶቡስ ይዤ ስሻገር፣ እኚያ እናት ማሰሮዎቻቸውን አዝለው በመስኮቴ ሥር እየተንገዳገዱ ሲሄዱ አየሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ወደዚያ ዞር ብዬ አላየሁም። በጣም አፈርኩ። ተዋናዩም ድልድዩን ተኝቶ ማለፉን ሲያይ ከእኔ ባላነሰ አፈረ። የገበያው ዕንባው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነው።

5. ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁሉንም አስወርዳለሁ። ነጋዴዎቹ ለማኅበራችን ከሰውኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል።

ስለዚህ የተቆረጠው ትዕይንት እንዲመለስ በትሕትና እለምናለሁ። ክብሬን በተመለከተ ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ። ነገሩን በአካል ማጣራት ከፈለጉም የፊት ወንበር እይዝልዎታለሁ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ።

ፊልሙ የፊታችን ቅዳሜ ከድልድዩ ማዶ ባለችው ከተማ አዳራሽ ይታያል። ሸክላ ሻጯ እናት ወሬውን ሰምተው ኖሮ ባለፈው ሰኞ ሲሳፈሩ፣ «እኔም አለሁበት አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ አሉበት» አልኳቸው። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰው በማግስቱ ነው። ክቡር ኃላፊ፣ እኚህ ሴት ውረዱ ባልኳቸው ቁጥር ወርደዋል። ከፊልሙም ውረዱ የምልበት አፍ ግን የለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ክብሩ ተነካ የተባለው አሽከርካሪ
(ፊርማ)